ሁሩታ ያልደረሰው መርዶ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት በሬን አንኳኩታ ክዳኑ በጎማ የታሰረ የፕላስቲክ ዕቃ አቀበለችኝ። ገና ሳልከፍተው ሽታው ወጣ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅመም በተነጠረ ቅቤ ሲታሽ የሚሰጠውን ሽታ የአሰላን መንገድ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጭኮ ነው። ወራት ቢቀመጥ የማይበላሽ፣ ለመንገደኛና ለወታደር የሚታሰብ ስንቅ።

“ወይንሸት እባላለሁ፤ የእማማ ድንቂቱ የእህት ልጅ ነኝ፣ ከሁሩታ ነው የመጣሁት” አለችኝ። “ለሃምሳ አለቃ አድርሺልኝ ብለው ነው። ዘንድሮ በጥር ሳይመጡ ሲቀሩ እማማ በጣም ተጨንቀዋል። ሃምሳ አለቃ አሉ?”

ሃምሳ አለቃ ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ነው። ከሞተ ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ይህንኑ ልነግራት አፌን ከፈትኩና “ወጣ ብሏል” አልኳት።

ሴትየዋ መኪና እንዳያመልጣት ብላ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ሄደች። እኔ ዕቃውን ጭኔ ላይ እንዳስቀመጥኩ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ወንድሜ አርባ ዓመት ያህል ሲዋሽ የኖረውን ውሸት በአንድ ትንፋሽ ወረስኩት ማለት ነው። ስንቴ “ምነው አንተ ሰውዬ፣ ጥይት ያልፈራህ አንዲት አሮጊት ትፈራለህ?” እያልኩ አቁስዬዋለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ብዙነሽ ምላሷ ስለት ነው ይለኛል። ለካ ስለቱ ለሌላው ኖሯል እንጂ ለራሴ ጊዜ ዶልዱሟል።

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩ አይገባም። ታደሰ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ስለዚህ ስጠራው ወንድም ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ቀድሞ ሞቶ ስለነበር እናቴም እኔም በእሱ ነበር የምንመካው። ወታደር ቤት የገባው ማንም ጎትቶት አይደለም፤ ወዶ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጫማውን ወልውሎ ሄዶ ነው። ፈቃድ ሲያገኝ በባቡር ወደ ናዝሬት ይመጣ ነበር። ዛሬ ያ ጣቢያ ጭር ብሎ ሳየው፣ በዚያ ሐዲድ ላይ የነበረውን ሕይወት ለዘንድሮ ልጆች ብነግራቸው የሚያምኑኝ አይመስለኝም። ባቡሩ ገና ሲያፏጭ ብርቱካንና ፓፓያ ሻጮቹ ቅርጫታቸውን ተሸክመው በመስኮቶቹ ሥር ይሯሯጣሉ። በስሙኒ እቅፍ ሙሉ ብርቱካን ይገኝ ነበር። በጣቢያው ዙሪያ ካሉት ቡና ቤቶች የሸክላ ዘፈን ይንቆረቆራል፤ ዘፋኙ ስለ ጥላው ስለሄደች ሴት ያለቅሳል፣ ወታደሩ ቢራውን ይዞ አብሮ ያለቅሳል። የከተማው ጎረምሳ በቤልቦተም ሱሪው ጎዳናውን እየጠረገ፣ ሚዶውን አፍሮው ላይ ሰክቶ ሲንጎራደድ፣ ወንድሜ በመሐላቸው ጸጉሩን አጭር ተቆርጦ፣ በካኪው ቀጥ ብሎ ሲያልፍ ልቤ በኩራት ያብጥ ነበር። ጋሪ ነጂዎቹ “አለቃ፣ ግባ” ብለው በነፃ ነበር ቤት የሚያደርሱት።

ልብስ መስፋት የለመድኩት በእሱ ካኪ ላይ ነው። ጦሩ የሚሰጣቸው ሱሪ ሁለት ሰው ያስገባል፤ እሱ ደግሞ ልኩን ካልሆነ አይለብስም። ፈትቼ፣ ቀድጄ፣ መልሼ ሰፍቼ በከሰል ካውያ እተኩሰዋለሁ፤ የተኩሱ መስመር ሽንኩርት ይልጣል ብሎ ይቀልድ ነበር። ቤት በገባ በማግስቱ ጠዋት እኔንና እማዬን ግቢ ውስጥ ያሰልፈናል። ጥፍር ያያል፣ ጫማ ያያል፣ አልጋ ያያል። እማዬ እየሳቀች እጇን ትዘረጋለች፤ እሱ ግን ፈገግ ሳይል “ነገ የተሻለ እጠብቃለሁ” ይላታል። እሑድ ሶደሬ ይወስደናል። አንድ ጊዜ እዚያ ፍል ውኃው አጠገብ ጦጣ ቆቡን ነጥቃው ዛፍ ላይ ወጣችበት። አንድ ምድብ ወታደር የሚያዝ ሰው፣ በዋና ቁምጣ ቆሞ ሙዝ እያሳየ ጦጣ ሲለምን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። ያን ቀን እንደሳቅሁት ሳቅ ከዚያ ወዲህ የሳቅሁ አይመስለኝም። እንዴት እንደምወደው የነገርኩት ግን አንድም ቀን የለም፤ በእኛ ቤት አይባልም ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ስለ ጦርነቱ የሚያውቁ ጽፈዋል፤ እኔ የማውቀው ራዲዮኑ ቀን ቀን ማርሽ ሲያሰማ እንደሚውል፣ ማለዳ ማለዳ ደግሞ በየሰፈሩ እሪታ እንደሚሰማ ነው። አንድ ማለዳ ተራው የእኛ ሆነ። የእድራችን ዳኛ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። በዚያ ሰዓት የመጣ ሽማግሌን ምን እግር ጣላችሁ አይሉትም። ከቀበሌ የተሰጣቸው ወረቀት “ታደሰ በቀለ፣ ከናዝሬት የተመለመለ” ይላል፤ የአያት ስም የለውም። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጎደለው። ግን መርዶ ነጋሪን “የአያቱ ስም ማን ይላል?” ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ነውር ነው። መርዶ ሲነገር እሪ ይባላል እንጂ አይመረመርም። እኛም እሪ አልን።

ሦስት ቀን ድንኳን ተጣለ። የሰፋሁትን ካኪ ወንበር ላይ አልብሰን፣ ፎቶግራፉን ደገፍ አድርገን አለቀስንለት። ጸጉሬን ተቆረጥኩ፣ እማዬ ወገቧን በመቀነት ጠፍራ ደረቷን እየደቃች ወደቀች። በክርስትና ስሙ ፍታት ተደረገለት፤ አርባው ወጣ። እማዬ ከዚያ በኋላ ሰው ሲያናግራት ዘግይታ ነበር የምትመልሰው። ፊቷ ተዘጋ። ሌላ ቃል አላገኝለትም።

በስምንተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ቀትር ላይ በረንዳው ላይ ስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወንድሜ ቆሟል።

“ብዙዬ፣ ምነው ጥቁር ለበስሽ? ማን ሞተ?” አለኝ።

“አንተ” አልኩት።

እማዬ ከጓዳ ወጣች። አልጮኸችም። ቀስ ብላ መጥታ ጆሮውን ዳሰሰች፣ አገጩን ዳሰሰች፣ ከዚያ እግሩ ሥር ተዘረጋች። ጎረቤቱ ሁሉ ውኃ ይዞ መጣ፤ እልልታው ቀለጠ፤ ያው ድንኳን እንደገና ተተከለ፣ ያው ሽማግሌዎች እየሳቁ መጡ። ወንድሜ መርዶዬን አሳዩኝ ብሎ ወረቀቱን ተቀበለ። የጦር ጸሐፊዎችን ስለሚያውቃቸው በሳቅ ነበር ማንበብ የጀመረው። ሳቁ መሐል ላይ ቆመ። በርጩማ ላይ ተቀመጠና “ይሄ እኮ ሞክሼዬ ነው፣ ታደሰ ሁሩታ” አለ። በዚያ ሁሉ እልልታ ከእኔ በቀር የሰማው የለም።

በሻምበላቸው ውስጥ ሁለት ታደሰ በቀለ ነበሩ። ለመለየት ያህል የእኔን ወንድም ታደሰ ናዝሬት፣ ልጁን ታደሰ ሁሩታ ይሏቸው ነበር። ልጁ ከሁሩታ መጥቶ ናዝሬት ላይ ስለተመለመለ ወረቀቱ ወደ እኛ መጣ። ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ያለ እናቱ ሌላ ወሬ የለውም ነበር አሉ። የወደቀ ጊዜ በገዛ እጁ ቀብሮ ድንጋይ የከመረበት ወንድሜ ነው። “እናቱ እስካሁን አልቅሳ ወጥቶላታል ብዬ፣ ለቅሶ ልደርሳት ነበር ሐሳቤ” አለኝ። ለቅሶዋን እኛ ወስደንባት ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን ካኪውን አስተኩሶ ሁሩታ ልሂድ ሲል አብሬው ሄድኩ። አውቶቡሱ የአዋሽን ድልድይ ተሻግሮ ደራ ላይ ሲቆም ቲማቲምና ሽንኩርት ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡ፤ እሱ ቀና ብሎ አላየም፤ ሊላት የሚገባውን በከንፈሩ ይለማመድ ነበር። ሁሩታ ስንደርስ ቀትር ሆኗል። ጥር ነው፣ ገብስ ተወቅቶ አልቋል። የልጁ እናት እማማ ድንቂቱ ያኔ ጠንካራ፣ ረጅም ሴት ነበሩ፤ አውድማው ላይ ገብስ ያነፍሱ ነበር። ካኪ ለባሽ ሲያዩ ሰፌዳቸውን ጥለው እየሮጡ መጡና ክንዱን ጨበጡት።

“ኢልሚ ኮ ጂራ?” አሉት። ልጄ አለ ወይ፣ በሕይወት አለ ወይ ማለታቸው ነው። ወንድሜ እንደኛ ከተማ ሰው ሁሉ ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው ነው የሚናገረው። አየኋቸው፤ አየሁት።

“ጂራ” አላቸው። አለ፣ በሕይወት አለ።

ጫማውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ብድግ አደረጋቸው። ከዚያ ጎረቤት ተጠራ፣ ቅቤ ቀለጠ፣ ጭኮ ታሸ። ስንወጣ አንድ ጣሳ ሙሉ ሰጡት። “ለልጄ አድርስልኝ፤ ይወዳል” አሉት። ተቀበለ። ምን ያድርግ?

ደራ ስንደርስ “መርዶ በቀትር አይነገርም” አለኝ። “ለብቻዬ ሆኜ፣ በቆሙበት፣ ዘመድ በሌለበት። ነውር ነው። በሚቀጥለው ፈቃዴ ሽማግሌ ይዤ በማለዳ እመጣለሁ።” ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። “የእማዬን ፊት አየሁት፣ ብዙዬ። ያንን ፊት በገዛ እጄ ለሌላ እናት መስጠት አቃተኝ።” ያኔ ምንም አላልኩትም። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ሾፌሩን አስቁሜ እጁን ይዤ እመልሰው ነበር እላለሁ፤ ግን ባለፈው ቅዳሜ ያደረግሁትን ካየሁ በኋላ ይህንንም ለማለት አፍሬአለሁ።

የሚቀጥለው ፈቃድ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ጦሩ ተበተነ። ወንድሜ ስንት ሳምንት በእግሩ ተጉዞ፣ ጫማው አልቆ በበረባሶ ቤት ገባ። ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለው ሠራዊት የለም ተባለ። ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፤ ያለው እኔና እማዬ ነን። ሶደሬ በር ላይ ጥበቃ ሆነ። የሚገባውን መኪና ሁሉ በወታደር ሰላምታ ነበር የሚቀበለው። ልጆች በመስኮት ሆነው ይስቁበታል፤ አይሰማም፣ ወይም የማይሰማ ይመስላል። በመሳቂያነቱ እኔ ነበርኩ የምናደደው። ዩኒፎርሙን ግን እስከ መጨረሻው ልኩን አድርጌ ሰፍቼለታለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥር ሲገባ ሁሩታ ይሄዳል። በየዓመቱም በዚህ ዓመት እነግራቸዋለሁ ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ ልጅዎ ግንባር ነው ብሏቸው ነበር። ጦሩ ሲበተን ተማርኳል አላቸው። ምርኮኞች ወደየቤታቸው ሲገቡ ሱዳን ተሻግሯል አላቸው። ከሱዳንም ሰው መመለስ ሲጀምር፣ ያው አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ፣ እዚያው አግብቶ ወልዷል፣ ሥራው አልለቀው ብሎ ነው አላቸው። ይኼኔ እማማ ድንቂቱ የልጅ ልጅ አገኙ። ስሟን ማን አላት ሲሉት የመጣለት የእኔ ስም ነው፤ ብዙነሽ አላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ለትንሿ ብዙነሽ ብለው የጨሌ ዶቃ ሰጡት። ያን ቀን ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ተቆጣሁት፣ ለመንኩት፣ አብሬህ ልሂድ አልኩት። “እንግዲህ እኮ ልጇን ብቻ አይደለም የምገድልባት” አለኝ። “ምራቷንም፣ የልጅ ልጇንም ነው።”

ጭኮውን አይቀምሰውም፤ እኛንም አያስነካም። አንዴ ማንኪያ ስሰድ ያዘኝና “የሰው ስንቅ ነው” ብሎ እንደ ምልምል ወታደር ገሠጸኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለሚለምኑት፣ አንዳንዶቹ እግር ለሌላቸው፣ የድሮ ወታደሮች እየዞረ ያድለዋል። “ከታደሰ እናት ነው” ይላቸዋል። እነሱም እናቱን ነፍስ ይማር ይሏታል። ያቺ እናት ደግሞ በሕይወት ነበረች።

አምና ግንቦት ኩላሊቱ ደከመና ተኛ። በመጨረሻው ሳምንት አእምሮው ንጹሕ ነበር። “ፍታቴ ቀድሞ ተፈትቷል፤ እኔ ሒሳቤ የተዘጋ ሰው ነኝ” እያለ ቄሱን ያስቅ ነበር። እኔን ግን ለብቻዬ ጠርቶ “ሁሩታን አንቺ ንገሪያቸው” አለኝ። “ሁለት ሽማግሌ ይዘሽ፣ በማለዳ። እንደኔ ለብቻሽ እንዳትሄጂ፤ ለብቻ ሲሆኑ አፍ ይከዳል።” ማልኩለት። እማዬ ቀድማው አርፋለች፤ ሲሞት ለቅሶው የሳሳ ነበር። ካኪውን የሚያስታውሱት ጥቂት አሮጊቶች ናቸው፤ ከእነሱም አንዷ፣ በክፋት አይደለም፣ “ለታደሰ እኮ አልቅሰናል” አሉ። እኔም እንባ አልወጣልኝም። በሃያ ስድስት ዓመቴ ጨርሼው ነው መሰለኝ። ለዚህ ዛሬም ራሴን ይቅር አላልኩም። ከዚያ ክረምት ነው አልኩ፣ ጉልበቴ አሞኛል አልኩ፣ መንገዱ አይታመንም አሉኝ አልኩ፤ ዓመቱ እንዲሁ አለቀ። ጭኮው በሬ ድረስ የመጣው ለዚህ ነው።

እሑድ የእድራችን ዳኛ ኦቦ ገመቹ ቤት ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አቶ ንጉሤ የሚባሉ ሌላ ሽማግሌም ነበሩ። ኦቦ ገመቹ ብዙ መርዶ የነገሩ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው።

“አርባ ዓመት ያደረ መርዶ ነግሬ አላውቅም፣ ብዙነሽ” አሉኝ። “ደግሞ ሁለት ሞት ነው። የቱን እናስቀድም?”

“ልጃቸውን” አሉ አቶ ንጉሤ። “ሃምሳ አለቃውን በማግስቱ ቢሰሙ ይሻላል። ተስፋ የሚያመጣላቸው ሰው እሱ ነበራ።”

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሁሩታ ገባን። የታጨደው ማሳ ላይ ጤዛ አለ። ያኔ ወንድሜ እንዳደረገው በልቤ ቃሉን እለማመድ ነበር። ከግቢው ስንቃረብ ሸራ ተወጥሮ፣ ሰዎች ጋቢ ተከናንበው በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየን። ወይንሸት ጥቁር ለብሳ ወጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

“ከምኔው ሰማችሁ?” አለችኝ። “ሰኞ ማታ ነው ያረፉት። ትናንት ቀበርናቸው።”

ሽማግሌዎቹ አዩኝ። ይዘውት የመጡት ቃል አፋቸው ላይ ቀርቷል። ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ገብተን ተቀመጥን። ወይንሸት አጠገቤ ሆና ሃምሳ አለቃስ ስትለኝ ትንሽ አሞታል አልኳት።

“ቅዳሜ ተመልሼ ወጣ ብለዋል ስላቸው እንዴት ደስ እንዳላቸው” አለችኝ። “‘እንግዲያው ልጄን ሊያመጣልኝ ሄዷል’ አሉ። እሑድ ቤቱን አስጠረጉ፤ አልጋ አስነጠፉ። ሰኞ ደከመኝ አሉና ተኙ።”

መሬቱን አየሁ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም።

“አንድ ነገር አደራ ብለዋል። ‘ልጄ ድንገት በስልክ እንዳይሰማ። ሃምሳ አለቃ ሽማግሌ ይዞ በማለዳ ይንገረው፤ ሚስቱና ልጆቹ አጠገቡ ይሁኑ፣ ለብቻው እንዳይሆን’ አሉ። እኛ አድራሻውን የምናውቅ የለንም፣ እትዬ። ሃምሳ አለቃም ታመዋል አሉኝ። እርስዎ የት እንዳለ ያውቃሉ?”

ኦቦ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ልናገር ወይ ብለው በዓይናቸው ጠየቁኝ። እውነቱ የሚነገርበት ሰዓት ነበረ፤ ማለዳ ነው፣ ሽማግሌ አለ፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። እውነቱ የሚገባት ሴት ብቻ የለችም። ሸራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ የእኔን መልስ ይጠብቃል።

“አውቃለሁ” አልኳት። “እኔ እነግረዋለሁ።”